እውነት ወይስ ተረት? ብራናው ስለ ጥንቱ አይሁድ የሚለውና የማይለው

ከደብረ ሲና ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት ለምሳ የቆመ የደሴ መንገደኛ፣ የቆላውን ሙቀት በቀዝቃዛ ውሃ እያበረደ ስልኩን መክፈቱ አይቀርም። ስልኩ ውስጥ ደግሞ መጽሐፈ ሄኖክ አለ። «ፈረንጅ የደበቀው መጽሐፍ»፣ «ቁምራን ያረጋገጠልን ቀኖና»፣ «ከሄኖክ የወረስነው ዘመን አቆጣጠር» የሚል ቪዲዮ ሳይለቀቅ የሚውልበት ቀን የለም። ምሳው እስኪቀርብ ክርክሩ ይጦፋል። መከራከሩ ባልከፋ፤ ግን እውነቱና ተረቱ በአንድ ድምፅ፣ በአንድ እርግጠኝነት ስለሚነገሩ ሰሚው የትኛውን ይዞ የትኛውን እንደሚጥል ይቸገራል።

ሸዋ ሮቢት ያለችበት ይፋት ለዚህ ጉዳይ ባዕድ አይደለም። በ1839 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ የተባለ ጀርመናዊ ሚስዮናዊ ከታጁራ ተነስቶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ በይፋት ቆላ በኩል አንኮበር ወጣ። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ተቀበሉት፤ እስከ 1842ም በሸዋ ተቀመጠ። ስብከቱ ብዙም አልሰመረለትም፤ ብራና መሰብሰቡ ግን ሰመረለት። ከእርሱ እጅ ወደ ቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ ከደረሱት ቅጂዎች አንዱ ኦሪትን እንደገና የሚተርከው መጽሐፈ ኩፋሌ ነበር። ፕሮፌሰር ሃይንሪክ ኤዋልድ በ1844 ይህንኑ ለአውሮፓ ሊቃውንት አስታወቀ። ተማሪው አውጉስት ዲልማን በ1850 እና በ1851 ወደ ጀርመንኛ መለሰው፤ በ1859 ደግሞ ግእዙን ራሱን አሳተመ። አውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት በስሙና በጥቂት ጥቅሶች ብቻ የምታውቀውን መጽሐፍ ሙሉውን ያነበበችው ያን ጊዜ ነው።

የኔ አቋም ከወዲሁ ይታወቅ። ሄኖክና ኩፋሌ «የማን ዘር ነን?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የላቸውም። የሚመልሱት ሌላ ጥያቄ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበሩት ሦስት መቶ ዓመታት አይሁድ ስለ ሰንበት፣ ስለ መላእክት፣ ስለ ዘመን ቆጠራ እርስ በርስ ምን ያህል ይለያዩ እንደነበር። ቪዲዮዎቹ የሚሳሳቱትም ሁለቱን ጥያቄዎች ስለሚያምታቱ ነው።

«ሄኖክ መጀመሪያውኑ በግእዝ የተጻፈ ነው»

ተረት ነው። የተጻፈው በአራማይክ ነው፤ አይሁድ ከባቢሎን ምርኮ በኋላ በስፋት በሚናገሩት ቋንቋ። ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር ዳርቻ፣ ቁምራን በተባለው ስፍራ፣ ከ11 ዋሻዎች ብራና መውጣት ሲጀምር በአራተኛው ዋሻ የ11 የሄኖክ ቅጂዎች ስብርባሪ ተገኘ። ሁሉም አራማይክ ናቸው። ከሁሉም ጥንታዊ የሆነው ከክርስቶስ ልደት 200 ዓመት ገደማ በፊት የተገለበጠ ነው። ፖላንዳዊው ሊቅ ዮዜፍ ሚሊክ በ1976 አሳተማቸው። ታዲያ የመዳፍ ስፋት እንኳ የማይሞላ፣ ዳር ዳሩ የተበላ የብራና ቁራጭ የየትኛው ምዕራፍ እንደሆነ በምን ይታወቃል? ከሙሉው መጽሐፍ ጋር በማስተያየት ነው። ሙሉው ደግሞ ያለው በግእዝ ነው።

ወደ ግእዝ የተመለሰው በአክሱም ዘመን፣ አብዛኞቹ ሊቃውንት እንደሚሉት ከግሪክኛው ነው። ከዚያ ወዲያ ግሪኩም እየጠፋ ሄደ፤ በ1880ዎቹ ከላይኛው ግብፅ፣ ከአክሚም መቃብር፣ የመጀመሪያዎቹን 32 ምዕራፎች የያዘ ጽሑፍ ወጥቷል። 108ቱም ምዕራፎች ሳይጎድሉ የቀሩት በግእዝ ብቻ ነው። የይሁዳ መልእክት በቁጥር 14 እና 15 ሄኖክን ስሙን ጠርቶ ይጠቅሳል፤ የአውሮፓ ሊቃውንት ጥቅሱን ይዘው ምንጩን ሲፈልጉ ኖረዋል። የኛ አብነት ተማሪ ግን መጽሐፉን ገልጦ ምዕራፍ 1 ላይ ያገኘው ነበር። ከቁምራን ቁራጮችም አንዱ ላይ ይኸው ቃል በአራማይክ ይነበባል።

አንድ ነገር ግን ቪዲዮዎቹ አይናገሩም። ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ያለው፣ «የሰው ልጅ» ስለተባለው በሰፊው የሚናገረው ክፍል፣ ከቁምራን አንዲት ቁራጭ እንኳ አልተገኘለትም። በአንጻሩ ግእዙ የማያውቀው የረዓይት መጽሐፍ፣ ማለትም ስለ ግዙፋኑ የሚተርክ የሄኖክ ዘመድ፣ እዚያ ተገኝቷል። ስለዚህ «ቃል በቃል አንድ ነው» ማለት አይቻልም። በአንድ ስም ስር የሚቀመጡ መጻሕፍት ገና ተሰብስበው ያላለቁበትን ዘመን ነው የምናየው።

«ብሩስ ሰርቆ ወሰደው፤ ከዚያ ወዲህ ከእጃችን ጠፋ»

ተጓዡ ጀምስ ብሩስ በ1773 ወደ አውሮፓ ሲመለስ ሦስት የሄኖክ ቅጂዎች ይዞ ነበር። አንዱ ፓሪስ፣ አንዱ ኦክስፎርድ ገባ፤ ሪቻርድ ሎረንስም በ1821 ከኦክስፎርዱ ወደ እንግሊዝኛ ተረጎመው። መጽሐፉ ግን ከአገር አልጠፋም። በገዳማት ይገለበጥ፣ በጉባኤ ቤት አንድምታው ይነገር ነበር፤ ዛሬም ይነገራል። ጠፍቶ የኖረው ለአውሮፓ ነው።

ዝርፊያ ካነሳን የመቅደላን እናንሳ። በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ያወረዳቸው ብራናዎች በመቶ የሚቆጠሩ ናቸው፤ አብዛኞቹ ለንደን ናቸው፤ በመካከላቸውም ሄኖክ አለ። ያ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ክርክሩም ገና አልተዘጋም።

በአገር ውስጥ ከቀሩት ጥንታዊ ቅጂዎች መካከል የጣና ክብራን ገዳም የ15ኛው መቶ ዘመን ሄኖክ ይገኛል። ኤፍሬም ይስሐቅ በ1983 ላሳተመው የእንግሊዝኛ ትርጉም መሠረት ያደረገው ይህንኑ ነው። በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ ደግሞ በሸዋና በሌሎችም አገሮች አድባራትና ገዳማት ያሉትን በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍት ፎቶ አነሳ። ያንን ክምችት አሜሪካ ሚኒሶታ ተቀምጠው መጽሐፍ በመጽሐፍ የዘረዘሩት የሸንኮራው ተወላጅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በ1975 በጥይት ተመትተው ከወገባቸው በታች ሽባ ሆነዋል፤ ከዚያ በኋላ የሠሩት ሥራ ግን የብዙ ጤነኞችን ድካም ያስንቃል። ሄኖክን በስልክ ከሚያስተዋውቁን ሰዎች የእሳቸውን ስም የሚያነሳ ስንት ይሆን?

«ቁምራን 81 መጻሕፍታችንን አረጋገጠ»

ይህኛው በጣም የተወደደ ነው፤ ሊበተን የሚገባውም በጥንቃቄ ነው፣ ውስጡ እውነት ስላለ።

እውነቱ ይህ ነው። ከቁምራን የኩፋሌ 14 ወይም 15 ቅጂዎች ቁራጭ ተገኝቷል፤ ሁሉም ዕብራይስጥ፣ መጽሐፉ የተጻፈበት ቋንቋ። ይህ ቁጥር ከብዙዎቹ የብሉይ ኪዳን መጻሕፍት ይበልጣል። የደማስቆ ሰነድ የሚባለው፣ የቁምራኑ የአይሁድ ማኅበር ሕግም ኩፋሌን እንደ ታመነ ምንጭ ይጠቅሰዋል። ያ ማኅበር ኩፋሌን ከሌላው ቅዱስ መጽሐፍ አሳንሶ አላየውም። ጦቢት በአራማይክና በዕብራይስጥ፣ ሲራክ በዕብራይስጥ ተገኝተዋል። «እነዚህን መጻሕፍት የጨመራችሁት እናንተ ናችሁ» ሲባል ለኖረ ኢትዮጵያዊ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ወደ አንድ ቁራጭ እንጠጋ። ከክርስቶስ ልደት ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ የተገለበጠ አንድ የኩፋሌ ብራና ከምዕራፍ 1 እና 2 ብዙ መስመሮች ይዟል። ምዕራፍ 2 የፍጥረትን ሥራ በየቀኑ የሚቆጥረው ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት ያለፈ የይፋት ልጅ ይህን ቆጠራ በቃሉ ያውቀዋል፤ እሑድ 8፣ ሰኞ 1፣ ማክሰኞ 3፣ ረቡዕ 3፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 4፣ ድምር 22። ኩፋሌን ብትከፍቱ ደግሞ እሑድ 7፣ ሰኞ 1፣ ማክሰኞ 4፣ ረቡዕ 3፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 4 ታገኛላችሁ፤ ድምሩ ያው 22 ነው። በመምህራን አፍ የእሑድና የማክሰኞ ድርሻ በአንድ ተሸጋሽጓል፣ ጠቅላላው ግን አልተነካም። መላእክት የተፈጠሩት በመጀመሪያው ቀን ነው የሚለውም፣ የነፋሱ፣ የደመናው፣ የበረዶው መልአክ እየተባለ የሚዘረዘረው ሁሉ፣ የመጣው ከዚሁ ምዕራፍ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ስለ መላእክት መፈጠር አንድ ቃል የለም። ይሁዳ ምድር የነበረ አንድ ካህን ኦሪትን እንደገና ሲተርክ የሞላው ክፍተት፣ ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ በሸዋ የሕፃናት ጉባኤ በዜማ ይባላል። ጄምስ ቫንደርካም ግእዙን በ1989 እንደገና ሲያሳትም ዕብራይስጡን ከጎኑ አስቀምጦ መዝኖታል፤ የኛ ገልባጮች በታማኝነት የጠበቁት መሆኑንም ደጋግሞ ጽፏል።

አሁን ተረቱ። ቁምራን 81 መጻሕፍት አያውቅም፤ 39ም አያውቅም። የተዘጋ ቀኖና የሚባል ነገር ገና አልነበረም። አስቴር ጨርሳ አልተገኘችም፤ የኛ መቃብያንም የሉም። በአንጻሩ የኛም የማንም ቤተ ክርስቲያን ቀኖና ያልያዛቸው ብዙ መጻሕፍት አሉ። አንዱ ወገን ሄኖክን ሲያከብር ሌላው ሳይቀበለው፣ ሁሉም አይሁድ ተብለው በአንድ ኢየሩሳሌም ዙሪያ ይኖሩ ነበር። ቤተ መቅደሱ በ70 ከፈረሰ በኋላ የረቢዎቹ ወገን መንገዱን ሲይዝ ሄኖክና ኩፋሌ ከምኩራብ ወጡ። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን በመጽሐፈ ሚላድ ሄኖክን እየጠቀሰ «አይሁድ» ያላቸውን ሲሞግት፣ የተመዘዘው ሰይፍ ከአይሁድ ከራሳቸው አፎት የወጣ ነበር። እኔን እንዲህ ያለው ነገር ከቁጥር ፉክክሩ ይልቅ ያስገርመኛል።

«የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር የሄኖክ ነው»

በቀጥታ፦ አይደለም። ለማመን ጣት መቁጠር ይበቃል።

የሄኖክ ዓመት 364 ቀን ነው። 12 ወር በ30፣ በየሦስት ወሩ መጨረሻ አንድ ቀን ጭማሪ። 364 ለ7 ያለ ቀሪ 52 ሳምንት ይሆናል፤ እያንዳንዱ ሩብ ዓመት 91 ቀን፣ ልክ 13 ሳምንት። ኩፋሌም በምዕራፍ 6 ይህንኑ ቁጥር ይዞ፣ በጨረቃ የሚቆጥሩትን በዓል ታፋልሳላችሁ እያለ ይገሥጻል። በቁምራን የተገኙት የካህናት ተራ መቁጠሪያ ሰሌዳዎች በዚሁ ስሌት የሚሄዱ ናቸው። ዓመቱ ሁልጊዜ ረቡዕ ይገባል፣ ምክንያቱም ፀሐይና ጨረቃ የተፈጠሩት ረቡዕ ነው። በዓል ከሳምንቱ ቀን ፈቀቅ አይልም።

የኛስ? 12 ወር በ30፣ በዓመቱ መጨረሻ 5 ወይም 6 ቀን ጳጉሜን። 365 ከሩብ። እንቁጣጣሽ በየዓመቱ አንድ ቀን፣ ከጳጉሜን 6 በኋላ ደግሞ ሁለት ቀን ይሸጋገራል። ይህ የግብፅ፣ የእስክንድርያ ቆጠራ ነው፤ የቅብጦቹ እኅት። ቤተ ክርስቲያናችን ሄኖክን ቅዱስ ብላ ተቀብላ፣ ቆጠራውን ግን ለበዓል ማውጫ አልወሰደችም። ዝርዝሩን የፈለገ የጌታቸው ኃይሌን «ባሕረ ሐሳብ» ያንብብ።

እዚህ ላይ ልቆይ፤ ነገሩ ከስሌት ያለፈ ነውና። ጎረቤትህ የሚጾምበት ቀን ላንተ ተራ የሥራ ቀን ከሆነ አብራችሁ አታመልኩም። በቁምራን የተገኘው የዕንባቆም ትርጓሜ አንድ ታሪክ ይጠቅሳል፤ ክፉው ካህን የተባለው የኢየሩሳሌም ሊቀ ካህናት፣ የጽድቅ መምህር የተባለውን የማኅበሩን መሪ በስርየት ቀን፣ በጾሙና በዕረፍቱ ዕለት፣ መጣበት። በስርየት ቀን ሊቀ ካህናት ከቤተ መቅደስ ወጥቶ ሰው ሊያሳድድ አይችልም፤ የሚችለው ዕለቱ ለእርሱ የስርየት ቀን ካልሆነ ብቻ ነው። ሊቃውንቱ ከዚህ የደረሱበት ግልጽ ነው፦ ሁለቱ ወገኖች የሚቆጥሩት በተለያየ ሰሌዳ ነበር። ሄኖክ ስለ ፀሐይ በሮች የሚዘረዝረው፣ ብዙ አንባቢ የሚዘልለው ያ ደረቅ ክፍል፣ ሰውን ከሰው የለየ ክርክር ሰነድ ነው። የአራማይክ ቅጂው ከግእዙ እንኳ ይረዝም ነበር፤ ተርጓሚው ወይም ከእርሱ በፊት የነበረ ሰው አሳጥሮታል።

«ቅዳሜን የምናከብረው ከክርስትና በፊት አይሁድ ስለነበርን ነው»

ለዚህ መልሱ ያለው ከሸዋ ሮቢት በላይ፣ ደጋው ላይ ነው። በ1450 ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በተጉለት ደብረ ምጥማቅ ጉባኤ አደረጉ። የተከራከሩት ቅዳሜ እንደ እሑድ ትከበር አትከበር በሚል ነበር። ክርክሩ መቶ ዓመት የዘለቀ ነው። አባ ኤዎስጣቴዎስ «ሁለቱም ሰንበታት» በማለታቸው ከአገር ወጥተው በ1352 አርመን ምድር አረፉ፤ ደቀ መዛሙርታቸው ከክህነት ታግደው ቆዩ። ዐፄ ዳዊት በ1404 ቅዳሜን እንዲያከብሩ ፈቀዱላቸው፤ ደብረ ምጥማቅ ለሁሉም ሕግ አደረገው። የጠቀሱት ዐሥርቱ ትእዛዛትንና የሐዋርያትን ሲኖዶስ ነበር።

ቅዳሜን የወረስነው ከጥንተ አይሁድነት ቢሆን ኖሮ ጳጳሱ፣ ንጉሡና መነኮሳቱ መቶ ዓመት ባልተፋጁ። ክርስቲያኖች ኦሪትን አንብበው በቁም ነገር ወሰዱት፤ ከዚያ ተጣሉ፤ ከዚያ ታረቁ። አይሁዳዊ ተጽዕኖ ጨርሶ አልነበረም ማለቴ አይደለም። የቅዳሜ ሕጋችን ግን ቀን ያለው፣ ስፍራ ያለው፣ የተከራከሩለት ሰዎች ስም ያለው ነው።

«ቆላው የሙስሊም አገር ስለነበር ይህ ታሪክ አይመለከተውም»

የይፋት ገዢዎች የነበሩት ወላስማዎች በ1285 የሸዋን ሱልጣኔት ጠቅልለው ያዙ፤ የከተሞቻቸው ፍርስራሽ፣ ኖራና አስበሪ የመሳሰሉት፣ ዛሬም በዚሁ ተዳፋት ላይ ይታያል። ብራናና ወረቀታቸው ዐረብኛ ነው። ቢሆንም ቁርኣን ኢድሪስን ሁለት ጊዜ ያነሳል፤ አብዛኞቹ የሙስሊም ሙፈሲሮች ደግሞ ኢድሪስ ሄኖክ ነው ይላሉ። ሸዋ ሮቢት ገበያ ማሾና ሽንኩርት ለመሸጥ ጎን ለጎን የሚቀመጡት ሁለት ሰዎች ከአዳም ሰባተኛ የሆነውን ያንኑ ሰው በሁለት ስም ያውቁታል።

«ቤተ እስራኤል ከሰሎሞን ዘመን ጀምሮ የዕብራይስጥ ኦሪት ይዘው ኖረዋል»

ክራፕፍም፣ በ1841 የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሃሪስም፣ አንኮበር አካባቢ ጣቢባን የሚባሉ የእጅ ባለሙያዎችን አይተው፣ ጎረቤት በስውር የአይሁድን ሃይማኖት ይይዛሉ ብሎ እንደሚያማቸው ጽፈዋል። ወሬው በሸዋ የቆየ ነው። የሰሜኑ፣ የጎንደርና የአካባቢው ቤተ እስራኤል ግን ወሬ አይደሉም፤ መጻሕፍታቸው በእጅ የሚያዙ፣ የሚነበቡ ናቸው። ቋንቋቸውም ግእዝ ነው።

ኦሪታቸው ያው በአክሱም ዘመን ከግሪክኛ የተመለሰው ኦሪት ነው። በርካታ መጻሕፍታቸው ከክርስቲያን ጎረቤት የመጡ ናቸው፤ ገልባጩ የክርስቶስን ስም እያወጣ፣ በእስራኤል አምላክ እየተካ ያስተካክላቸው ነበር። ዮሴፍ ሃሌቪ የተባለ ፈረንሳዊ አይሁዳዊ በ1867 እና 1868 ሊጎበኛቸው ሲመጣ ታልሙድ አያውቁም፣ ሃኑካም አያውቁም ነበር። ሃሌቪ በ1902 ያሳተመው የራሳቸው መጽሐፍ ትእዛዘ ሰንበት፣ ሰንበትን እንደ ሴት፣ እንደ እግዚአብሔር ልጅ አድርጎ ይናገርላታል።

ይህ ሁሉ «እውነተኛ አይሁድ አይደሉም» ለሚል ሰው የሚሰጥ ዱላ አይደለም። ሰንበታቸውን እዩት። በኩፋሌ ምዕራፍ 50 በሰንበት መንገድ መሄድ፣ ውሃ መቅዳት፣ እሳት ማንደድ፣ መዋጋት፣ ባልና ሚስት መገናኘትም ክልክል ነው። የረቢዎቹ ትምህርት የባልና ሚስቱን ነገር በሰንበት የተወደደ ሲያደርገው፣ ቤተ እስራኤል እንደ ኩፋሌ ከለከሉት። ከክርስቶስ ልደት በፊት የተጻፈ፣ ምኩራብ የተወው አንድ የአይሁድ ሕግ፣ በግእዝ ትርጉም በኩል በሰሜን ተራሮች በሕይወት ይሠራ ነበር። የዘር ሐረጉ በየት በኩል መጣ የሚለው ክርክር አሁንም አለ፤ ሕጉ ግን በየት በኩል እንደመጣ ብራናው ይናገራል።

የእስራኤል ሊቀ ረቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ በ1973 አይሁድነታቸውን ተቀበሉ፤ በ1975 መንግሥቱ ተከተለ፤ በግንቦት 1991 በአንድ ቀን ተኩል ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰዱ። እዚያ ሲደርሱ ቄሶቹ ዕብራይስጥ እንዲማሩ፣ የረቢዎቹን ሥርዓት እንዲይዙ ተጠየቁ፤ ብዙዎቹ አዘኑ። ከ2008 ወዲህ የቤተ እስራኤል በዓል ሲግድ በእስራኤል ብሔራዊ በዓል ነው። በዕለቱ ቄሶቹ ኢየሩሳሌም ላይ በዣንጥላ ስር ቆመው ሕጉ በሲና የተሰጠበትን ምዕራፍና ነህምያን ያነብባሉ፤ መጀመሪያ በግእዝ፣ ከዚያ ሕዝቡ እንዲሰማ በአማርኛ።